የባርኮድ ማንበቢያና ታብሌት ሲጣመሩ፤ ለወለጋ ከተሞች የመድኃኒት መጋዘኖች የሚኖረው ፋይዳና የሚጠይቀው ጥንቃቄ

ነቀምቴ - የበጀት ዓመቱ ማብቂያ የሆነው ሰኔ 30 ሲቃረብ በመንግሥት ጤና ተቋማት የመድኃኒት ማከማቻዎች ከሚከናወኑት ዐበይት ተግባራት አንዱ የንብረት ቆጠራ ነው። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ የሚገኝ የማከማቻ ሠራተኛ የሚያውቀው አሠራር ተመሳሳይ ነው። አንዱ ከመደርደሪያው ሥር ቆሞ የካርቶኑን ጽሑፍ ያነባል፤ ሌላው ይመዘግባል። የመድኃኒቱ ስም፣ የባች ቁጥሩ፣ የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበት ቀንና ብዛቱ በቢን ካርድና በስቶክ ካርድ ላይ ከሠፈረው ጋር ይመሳከራል።

ይህ አሠራር ለረጅም ዘመን አገልግሏል፤ አሁንም እያገለገለ ነው። ይሁን እንጂ በእጅ ሲገለበጥ አንድ አኃዝ ቢሳሳት ጉዳቱ በወረቀቱ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እንደ ደህና ተቆጥሮ ለሕሙም ሊሰጥ ይችላል። ደህናው መድኃኒት ደግሞ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ሊወገድ፣ ይህም በሕዝብና በመንግሥት ሀብት ላይ ብክነት ሊያስከትል ይችላል።

ይህን ችግር ለመቀነስ ከሚያስችሉ መሣሪያዎች መካከል በብሉቱዝ ከታብሌት ወይም ከሞባይል ስልክ ጋር የሚጣመረው ገመድ አልባ የባርኮድ ማንበቢያ ይጠቀሳል። መሣሪያው በገበያ ላይ የሚገኝና አጠቃቀሙም ከባድ ያልሆነ ነው። ሆኖም በአግባቡ ካልተጣመረና ካልተሞከረ በእጅ ከሚፈጸም ስህተት የባሰ፣ በቀላሉ የማይታይ ስህተት ሊፈጥር ይችላል። በመሆኑም ግዥውን የሚያጸድቁ ኃላፊዎችም ሆኑ መሣሪያውን የሚረከቡ ባለሙያዎች አሠራሩን ጠንቅቀው ማወቅ ይኖርባቸዋል።

በጤናው ዘርፍ የመድኃኒት አቅርቦቱን በአንድ ማዕከል ለመምራት በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ መቋቋሙ ይታወሳል። ተቋሙ በአሁኑ ወቅት የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በሚል ስያሜ የሚጠራ ሲሆን፣ ቅርንጫፎች ካሉት ከተሞች አንዷ ነቀምቴ ናት። ለቅርንጫፎቹና ለጤና ተቋማት የንብረት ቁጥጥር የሚያግዙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም ከዓመታት በፊት ጀምሮ ሥራ ላይ ውለዋል። ከእነዚህ መካከል ለጤና ተቋማት የተዘጋጀው «ዳጉ» ስሙን የወሰደው ከአፋር ሕዝብ ባህላዊ የመረጃ ልውውጥ ሥርዓት ነው። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒቶች ከአምራቹ አንስቶ ያለፉበት መንገድ እንዲታወቅ የሚያስችል፣ በዓለም አቀፉ የጂ.ኤስ.1 የመለያ ደረጃ ላይ የተመሠረተ የክትትል መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው ከመጋዘን ሠራተኛው እጅ ደርሶ ውጤት የሚሰጠው በካርቶኑ ላይ የታተመው ምልክት በትክክል ሲነበብ ነው።

ባርኮድ ምን ይዟል?

ባርኮድ ቁጥርንና ፊደልን መሣሪያ ሊያነበው በሚችል ቅርጽ የሚገልጽ ምልክት ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የፈጠራ መብት የተሰጠው እ.ኤ.አ በ1952 ሲሆን፣ ዛሬ በሱቆች የሚታየው ዓይነት ባርኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ በሽያጭ ላይ የተነበበው እ.ኤ.አ ሰኔ 26 ቀን 1974 በኦሃዮ ግዛት ትሮይ ከተማ በሚገኝ ሱፐርማርኬት ነው። የተሸጠውም ዕቃ አንድ እሽግ ማስቲካ ነበር።

በመስመር የተሠራው የተለመደው ባርኮድ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የዕቃውን መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራል እንጂ መቼ እንደተመረተና መቼ አገልግሎቱ እንደሚያበቃ አይናገርም። በመድኃኒት እሽጎች ላይ እየተለመደ የመጣው ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት፣ ዳታ ማትሪክስ የሚባለው፣ ከዚህ ይለያል። በአንድ ምልክት ውስጥ አራት መረጃዎችን ሊይዝ ይችላል። እነርሱም 14 አኃዝ ያለው የምርቱ መለያ ቁጥር፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን፣ የባች ቁጥርና የእያንዳንዱ እሽግ ተከታታይ ቁጥር ናቸው።

እያንዳንዱ መረጃ በፊቱ ሁለት አኃዝ ያለው መጠቆሚያ አለው። 01 የምርቱን መለያ፣ 17 የማብቂያ ቀንን፣ 10 የባች ቁጥርን፣ 21 ደግሞ ተከታታይ ቁጥርን ያመለክታሉ። ታብሌቱ ላይ ያለው ፕሮግራም መረጃዎቹን የሚለያያቸው በእነዚህ መጠቆሚያዎች አማካይነት ነው።

ከዚህ በመነሳት የግዥ ባለሙያዎች አንድ ነጥብ ልብ ሊሉ ይገባል። በሌዘር ጨረር ብቻ የሚሠሩት ማንበቢያዎች የመስመር ባርኮድን እንጂ ዳታ ማትሪክስንም ሆነ ኪው.አር ኮድን ማንበብ አይችሉም። ለመድኃኒት ማከማቻ የሚገዛው ምልክቱን እንደ ካሜራ በምስል የሚያነበው ዓይነት መሆን ይኖርበታል። ይህ በጨረታ ሰነዱ ላይ ካልተገለጸ በዋጋ ርካሽ ሆኖ የሚቀርበው ማንበቢያ አሸናፊ ሊሆን፣ ነገር ግን ለታሰበለት ተግባር ሳይውል ሊቀር ይችላል።

ማጣመር ማለት ምን ማለት ነው?

ብሉቱዝ በአጭር ርቀት የሚገኙ መሣሪያዎች ያለ ገመድ መረጃ የሚለዋወጡበት የሬዲዮ ግንኙነት ነው። ስያሜውን ያገኘው በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበረ የዴንማርክ ንጉሥ ቅጽል ስም ሲሆን፣ ቴክኖሎጂውን የሚመራው የኩባንያዎች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ በ1998 ነው። ማጣመር የሚባለው ሁለቱ መሣሪያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተዋውቀው አንዱ የሌላውን መለያና የምሥጢር ቁልፍ እንዲይዝ የሚደረግበት ሂደት ነው። አንድ ጊዜ ከተጣመሩ በኋላ በየዕለቱ ሲከፈቱ በራሳቸው ይገናኛሉ።

አጣማሪው ባለሙያ በመጀመሪያ የማንበቢያውንም የታብሌቱንም ባትሪ መሙላት አለበት። ቀጥሎ ከማንበቢያው ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ የታተመውን የግንኙነት ዓይነት መምረጫ ባርኮድ በራሱ በማንበቢያው ያነባል። በዚህ ጊዜ የማንበቢያው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፤ ይህም በሌሎች መሣሪያዎች ለመታየት ዝግጁ መሆኑን ያመለክታል። ከዚያም በታብሌቱ ቅንብሮች ውስጥ ብሉቱዝ ይከፈታል፤ በዝርዝሩ ላይ የማንበቢያው ስም ሲታይ ተነክቶ «አጣምር» የሚለው ይመረጣል። መብራቱ ብልጭታውን አቁሞ ሲረጋ ወይም የማረጋገጫ ድምፅ ሲሰማ ሂደቱ ተጠናቋል።

አብዛኞቹ ማንበቢያዎች በሁለት ዓይነት መንገድ ሊገናኙ ይችላሉ። የመጀመሪያው እንደ ኪቦርድ የሚሠራው ነው። በዚህ አሠራር ታብሌቱ ማንበቢያውን የሚያየው በፍጥነት እንደሚጽፍ ኪቦርድ ነው፤ የተነበበው ቁጥር ጠቋሚው ባለበት ቦታ ላይ ይጻፋል። ለየት ያለ ፕሮግራም ስለማይፈልግ ቀላል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማንበቢያው በታብሌቱ ላይ ካለው የንብረት ቁጥጥር ፕሮግራም ጋር በቀጥታ መረጃ የሚለዋወጥበት ነው። ይህኛው ፕሮግራሙ ለዚሁ ተብሎ እንዲዘጋጅ ይጠይቃል፤ በአንጻሩ አስተማማኝነቱ ከፍ ያለ ነው። የሁለቱ ልዩነት ምን ያህል ጉልህ እንደሆነ ቀጥሎ የተመለከቱት ነጥቦች ያስረዳሉ።

የማይታየው ምልክት ሲጠፋ

የባች ቁጥርና ተከታታይ ቁጥር እያንዳንዳቸው እስከ 20 ፊደልና አኃዝ ሊኖራቸው ይችላል፤ ርዝመታቸው የተወሰነ አይደለም። በመሆኑም አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚያሳይ፣ በዓይን የማይታይ የመለያያ ምልክት በመካከላቸው ይገባል። ማንበቢያው እንደ ኪቦርድ ሲሠራ ይህን ምልክት ሳያስተላልፍ ሊቀር ይችላል፤ በኪቦርድ ላይ ለዚህ ምልክት የተመደበ ቁልፍ የለምና።

ለምሳሌ የባች ቁጥሩ 4507፣ ተከታታይ ቁጥሩ 88120 የሆነ እሽግ ተነበበ እንበል። ምልክቱ ካለ ፕሮግራሙ ከ10 በኋላ ያለውን 4507 ባች፣ ከ21 በኋላ ያለውን 88120 ተከታታይ ቁጥር ብሎ ይመዘግባል። ምልክቱ ከጠፋ ግን ሁሉም ተያይዞ የባች ቁጥሩ 45072188120 ሆኖ ይመዘገባል። የስህተት መልእክት አይመጣም፤ ሠራተኛውም ድምፁን ሰምቶ ወደሚቀጥለው ካርቶን ያልፋል።

ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ባች ቁጥሩ 4507 የሆነ መድኃኒት የጥራት ጉድለት ስለተገኘበት ከሥርጭት እንዲሰበሰብ ትእዛዝ ቢተላለፍ፣ የማከማቻው ኃላፊ በፕሮግራሙ 4507 ብሎ ሲፈልግ «የለም» የሚል ምላሽ ያገኛል። መድኃኒቱ ግን በመደርደሪያው ላይ አለ። ምናልባትም ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ሄዷል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ማንበቢያው የማይታየውን ምልክት በሚታይ ምልክት ተክቶ እንዲልክ ማስተካከል፣ ወይም ከፕሮግራሙ ጋር በቀጥታ የሚገናኝበትን መንገድ መምረጥ ይቻላል። ዋናው ጉዳይ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባችና ተከታታይ ቁጥር ያላቸው ጥቂት እሽጎችን አንብቦ፣ በታብሌቱ ላይ የተመዘገበውን በእሽጉ ላይ በጽሑፍ ከታተመው ጋር ማመሳከር ነው።

ሁለት የዘመን አቆጣጠሮች

በዳታ ማትሪክስ ውስጥ የማብቂያ ቀን የሚጻፈው በስድስት አኃዝ፣ ዓመት፣ ወርና ቀን በሚል ቅደም ተከተል፣ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ነው። 270630 ማለት እ.ኤ.አ ሰኔ 30 ቀን 2027 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 2019 ይሆናል። የቀኑ ቦታ 00 ሆኖ ከተገኘ የወሩ የመጨረሻ ቀን ማለት ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሒሳብና የንብረት ሰነዶች ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላሉ። በታብሌቱ ላይ ያለው ፕሮግራም የተዘጋጀው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነና 27 የሚለው አኃዝ ሳይቀየር 2027 ዓ.ም ተብሎ ከተመዘገበ፣ መድኃኒቱ ካበቃለት ጊዜ በኋላ ስምንት ዓመት ያህል ደህና ሆኖ ይታያል። በተቃራኒው በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ለሚሠራ ፕሮግራም ሠራተኛው በእጁ 2019 ብሎ ቢያስገባ፣ ደህናው መድኃኒት ከዓመታት በፊት ጊዜው እንዳለፈበት ተቆጥሮ ለማስወገድ ከተለዩት ጋር ይመደባል። ስለዚህ ፕሮግራሙ የትኛውን አቆጣጠር እንደሚጠቀም በጽሑፍ መገለጽ፣ ልወጣውም በሠራተኛው ሳይሆን በፕሮግራሙ መከናወን ይኖርበታል።

የኪቦርድ ቋንቋና የተሳሳተ ጥምረት

የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ የሆነው አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በቁቤ ነው። ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚደረገው የደብዳቤ ልውውጥ ደግሞ በአማርኛም ይከናወናል። በአንድ ታብሌት ሁለቱንም የሚጽፍ ሠራተኛ የኪቦርዱን ቋንቋ በየጊዜው መቀያየሩ የተለመደ ነው። እንደ ኪቦርድ የሚሠራ ማንበቢያ ወደ ታብሌቱ የሚልከው ፊደሉን ሳይሆን የተመታውን ቁልፍ ነው። በመሆኑም ኪቦርዱ በአማርኛ ላይ እንዳለ የላቲን ፊደል ያለበት የባች ቁጥር ቢነበብ በግዕዝ ፊደል ሊጻፍ ይችላል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለማንበቢያው የተመደበው ኪቦርድ እንግሊዝኛ ላይ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሌላው ሠራተኞችን ግራ የሚያጋባው ጉዳይ ማንበቢያው ከተጣመረ በኋላ በታብሌቱ ገጽ ላይ የሚታየው ኪቦርድ መሰወሩ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም። ታብሌቱ ሌላ ኪቦርድ ስለተገናኘለት የራሱን ይደብቃል። በቅንብሮች ውስጥ የገጹ ኪቦርድ አብሮ እንዲታይ በማድረግ ይስተካከላል።

ከዚህ ይበልጥ አሳሳቢ የሚሆነው የተሳሳተ ጥምረት ነው። ማንበቢያው ቀደም ሲል የተጣመረውን ታብሌት ያስታውሳል። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ታብሌቶችና ማንበቢያዎች ካሉ፣ አንዱ ሠራተኛ ያነበበው በሌላው ገጽ ላይ ሊጻፍ ይችላል። የፋይዳ መታወቂያን ኪው.አር ኮድ ወይም የሕሙማንን ካርድ በማንበብ በሚሰጡ አገልግሎቶች ደግሞ ጉዳዩ የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከት ይሆናል። እያንዳንዱን ማንበቢያና ታብሌት በአንድ ዓይነት ቁጥር መሰየም፣ የቀድሞውን ጥምረት ከሁለቱም መሣሪያዎች ላይ መሰረዝና ርክክቡን በስም መፈጸም ይህን ችግር ይከላከላል።

ኔትወርክ በሌለበት

በብሉቱዝ የተጣመሩ መሣሪያዎች ለመገናኘት ኢንተርኔትም ሆነ የስልክ ኔትወርክ አያስፈልጋቸውም፤ የአገልግሎት ክፍያም የለባቸውም። ይህ ለወለጋ አካባቢ ትርጉም ያለው ጉዳይ ነው። በ2012 ዓ.ም በምዕራብ ኦሮሚያ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለሦስት ወራት ያህል ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜም ሆነ በተራ የመስመር ብልሽት ወቅት ቆጠራው እንዳይቆም፣ ፕሮግራሙ መረጃውን በታብሌቱ ላይ አስቀምጦ ግንኙነቱ ሲመለስ ወደ ማዕከል የሚልክ መሆን አለበት። ያለ ኔትወርክ የማይከፈት ፕሮግራም ከያዘ ታብሌት ጋር የተጣመረ ማንበቢያ የሚሰጠው ጥቅም አይኖርም።

የግንኙነቱ ርቀት እንደ መሣሪያው ዓይነት ይለያያል። የተለመዱት እስከ 10 ሜትር፣ ኃይለኞቹ ደግሞ ግርዶሽ በሌለበት እስከ 100 ሜትር ይደርሳሉ። የብረት መደርደሪያዎችና በደም ሥር የሚሰጡ ፈሳሾች የታጨቁባቸው ካርቶኖች ሬዲዮውን ስለሚያዳክሙት በመጋዘን ውስጥ ርቀቱ ከዚህ ያንሳል። አንዳንድ ማንበቢያዎች ከርቀቱ ሲወጡ ያነበቡትን በራሳቸው ይዘው ሲመለሱ በአንድ ጊዜ ያስተላልፋሉ። ይህ ጠቃሚ ቢሆንም ሠራተኛው ሲመለስ በታብሌቱ ላይ የተከፈተው ትክክለኛው ገጽ መሆኑን ማየት ይገባዋል።

ከመድኃኒት ባሻገር

የዚህ አሠራር ጥቅም በመድኃኒት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ወለጋ በውጭ ገበያ «ነቀምቴ» በሚል ስም የሚታወቅ ቡና የሚመረትበት አካባቢ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ በ2010ሮቹ አጋማሽ ከአይ.ቢ.ኤም ኩባንያ ጋር በመሆን የቡና ጆንያዎች ባርኮድ ባለው መለያ ከመነሻቸው ጀምሮ የሚታወቁበትን ሥርዓት ማስተዋወቁ ይታወሳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2023 ያወጣው፣ ተግባራዊነቱ በተደጋጋሚ የተራዘመው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ሕግም ቡና የበቀለበት ቦታ በመረጃ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የጆንያው መለያ በትክክል ካልተነበበ የአርሶ አደሩ ማሳ መረጃና የቡናው ጉዞ ይለያያሉ።

በተመሳሳይ ሁኔታ በመሥሪያ ቤቶች የሚካሄደውን የቋሚ ንብረት ቆጠራ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ በወንበሩ፣ በጠረጴዛውና በኮምፒውተሩ ላይ የተለጠፈውን ባርኮድ በማንበብ ማከናወን ጊዜን ይቆጥባል። ንብረቱ በትንሽ ቁጥር የሚገኝ ከሆነ ግን ማንበቢያ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። የታብሌቱ የራሱ ካሜራ ባርኮድን ያነባል፤ ማጣመርም አይጠይቅም። ብርሃን ባነሰበት መጋዘንና ብዙ ካርቶን በሚቆጠርበት ጊዜ ግን ካሜራው ይዘገያል።

ከግዥ በፊትና በኋላ

ከላይ ከተገለጸው በመነሳት ግዥው ከመፈጸሙ በፊት አንድ ማንበቢያና አንድ ታብሌት ወስዶ በራሱ በማከማቻው ውስጥ መሞከር ተገቢ ነው። ሙከራው የመድኃኒት እሽጎችን፣ የማከማቻውን ብርሃንና በሥራ ላይ ያለውን ፕሮግራም ያካተተ መሆን አለበት። በጨረታ ሰነዱ ላይ ሁለቱንም የባርኮድ ዓይነቶች የማንበብ ችሎታ፣ የግንኙነት ዓይነቶቹ፣ የማይታየውን መለያያ ምልክት የማስተላለፍ ብቃት፣ ከግንኙነት ውጭ መረጃ የመያዝ አቅም፣ ሊለወጥ የሚችል ባትሪ፣ የታተመ መመሪያና የጥገና ዋስትና ቢካተቱ ይመረጣል። መመሪያው ከጠፋ የማስተካከያ ባርኮዶቹም አብረው ስለሚጠፉ ቅጂው በማከማቻው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ይጠቅማል።

መሣሪያው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላም ሞዴል 19፣ ሞዴል 22ና ቢን ካርዱ ተጠያቂነትን የሚያረጋግጡ ሰነዶች ሆነው ይቀጥላሉ። መብራት ቢጠፋ፣ ባትሪው ቢያልቅ ወይም በታብሌቱ የተመዘገበው አጠራጣሪ ቢሆን የሚመለሱት ወደ እነርሱ ነው። በየሳምንቱ ከመደርደሪያው ጥቂት እሽጎችን አውጥቶ በእሽጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ በታብሌቱ ላይ ያለውንና በካርዱ ላይ ያለውን ሦስቱንም ማመሳከር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሦስቱ ካልተስማሙ፣ ችግሩ የሚገኘው እሽጉ ገና በማከማቻው ውስጥ ሳለ፣ ወደ ሕሙሙ እጅ ከመድረሱ በፊት ነው።